የአምባዛ ቋጠሮ

ዛሬም ሎሚ ተቆርጦ ሽታው ሲመጣብኝ የአባቴ እጅ ትዝ ይለኛል፤ ደስ እያለኝ ግን አይደለም። ቅዳሜ ማታ ከዝዋይ ሐይቅ ዓሣ አጥምዶ ሲመለስ፣ እጁ ዓሣ ዓሣ ማለት ሲገባው ሎሚ ሎሚ ይል ነበር። እናቴ ጃኬቱን ተቀብላው ወደ ጓዳ ስትገባ «ለማን ብሎ ነው እንዲህ ታጥቦ የሚመጣው?» ትለኛለች። መጠርጠርን የተማርኩት ከእሷ ነው።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነበር። አባቴ ያደገው ዝዋይ ነው፤ እናቴ ደግሞ ከጎጃም የመጣች ሥርዓት አጥባቂ ነበረች። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለእሷ እርም ስለሆነ አምባዛ ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ አባቴም ሲያገባት አምባዛ ላይበላ ቃል ገብቶላታል። ይዞልን የሚመጣው ባለ ቅርፊቱን ቆሮሶ ብቻ ነበር።

ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያስቀረው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መንጠቆ ያስር ነበር። ለቆሮሶ ቀጭን ናይሎን ይመርጥና፣ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፎ፣ ክሩን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጫፉን መልሶ አሾልኮ፣ በምራቁ አርሶ ቀስ ብሎ ያጠብቀዋል። ከዚያ የመስኮቱ ብረት ላይ አንጠልጥሎ እየጎተተ «የሚፈታ ከሆነ እዚሁ ይፈታ» ይላል። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ዓይኗ ከእጁ ላይ አይነቀልም ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመረ። በጥቅምት ወር በአንዱ እሑድ እናቴ ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ መንጠቆ ወጋት። ጣቷን እየመጠጠች ወደ ብርሃን ወስዳ አገላበጠችው። ክሩ ወፍራም ነው፤ ድርብ ሆኖ ገብቶ፣ መንጠቆው ራሱ በቋጠሮው ውስጥ ሾልኮ የታሰረ። አባቴ አንድ ጊዜ «አምባዛ ጉልበተኛ ነው፣ የቆሮሶውን ክር ይበጥሰዋል» እያለ ይህንኑ ቋጠሮ አሳይቶን ስለነበር ሁለታችንም አወቅነው።

«እኛ ቤት አምባዛ አይበላም» አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ታዲያ የሚበላው ማን ቤት ነው?»

ከዚያ ወዲህ እናቴ በሐሳቧ ዝዋይ ላይ ሴት አገኘችለት፣ ቤት ሠራችላት፣ ልጅም ሰጠቻት። እኔም ያን ያላየሁትን ልጅ አምርሬ ጠላሁት፤ አባቴ ጥሎን ወደ እሱ የሚሄድ እየመሰለኝ፣ ሊስመኝ ሲመጣ ፊቴን አዞርበት ነበር።

ጥምቀት እንዳለፈ እናቴ አልቻለችም፤ መንጠቆውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና «ለማን ነው?» አለችው።

አባቴ መንጠቆውን አንስቶ «ለራሴ ነው» አለ። ሐይቁ ዳር ጠብሶ ይበላና እንዳይሸታት እጁን በሎሚ ሲታጠብ ኖሯል።

«ልጅ መሰልኩህ? እንግዲያው አምጣና ፊቴ ብላ!»

በሳምንቱ አመጣው። ከግቢው ጥግ፣ ለበዓል በግ ከሚታረድበት ቦታ ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ጠበሰው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየበረንዳው ወጥቶ ያያል። እናቴ እጇን አጣምራ ቆመች። መጀመሪያ አፍሮ ቆንጠር ቆንጠር አደረገ፤ ቆይቶ ግን እኛን ረሳን። ጭንቅላቱን ፈልቅቆ፣ አጥንቱን መጥምጦ፣ ጣቱን እየላሰ ሲበላ፣ የእናቴ ፊት ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁ። «ቀስ በል፣ አጥንት እንዳያንቅህ» አለችውና ውሃ ልታመጣለት ሄደች። እኔ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

አሁን ለሚ ኩራ የራሴ ቤት አለኝ። ባለቤቴ አትላስ ሰፈር አምሽቶ ሲመጣ ስልኩን ደፍቶ ያስቀምጣል፤ ስጠይቀው «የሥራ ጉዳይ ነው» ይለኛል፤ ምናልባት እውነቱን ይሆናል። እናቴ በእጇ የምትይዘው ነገር ነበራት፤ አባቴም ቃሉን ማፍረሱ ቢያሳፍረውም ፊቷ ቁጭ ብሎ በላ። እኔ ግን ባሌን ምን አምጣ እንደምለው አላውቅም። እራት አቀርብለትና አብረን እንበላለን፤ ስልኩም በመሃላችን እንደተደፋ ይንዘፈዘፋል።