አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች

ስም አልጠራም። ቆቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚመለከተው ሰው ያነበበ እንደሆነ ራሱን ያገኛል።

ልጅቷን ያመጧት ለአንድ ሳምንት ብለው ነው። አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከቆቦ በደቡብ የምትገኘው የሮቢት ልጅ ነው፤ በአክስቴ በኩል ይዛመደኛል፤ ሚኒባስ ይነዳል። እናቷ በሰሜን በኩል ያለችው የዋጃ ናት፤ ከማግባቷ በፊት የጓሮ ክፍሌን ተከራይታ ስለኖረች እንደ ልጄ ነበረች። ትዳራቸው ሲፈርስ ፍርድ ቤቱ የልጅቷን ነገር በሽምግልና ጨርሳችሁ ኑ አላቸው። እናትየዋ ግን ሳታማክር ልጇን ይዛ ዋጃ ልትገባ መኪና ተሳፈረች፤ አባትየው ደርሶ አስወረዳት፤ መሐል አስፋልት ላይ ተጓተቱ፤ የልጅቷ ክንድ አበጠ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ፣ ነገሩ እስኪያልቅ ለሁለቱም ወገን በምትሆን ሰው ቤት ትቆይ ብለው ወሰኑ። ያች ሰው እኔ ሆንኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ልብሷን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ።

እኔ ያኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ዋጃ ያለችው እህቴም እንደኔ ባሏ ሞቷል። የቆቦውን ቤት አከራይቼ እሷ ጋ ልገባ ተስማምተን፣ ክፍሌን አስለስናና ቀለም አስቀብታ ጨርሳለች። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሳበስልና ለሰው ሳጥብ ኖሬ፣ የቀረችኝን ጊዜ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብዬ ላወራ ፈለግሁ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ወራት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢው፣ አንድ ሐጂና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር። ሰብሳቢውን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልልም። ልጅቷ እኔ ጋ ስላለች ስብሰባውም እኔ ግቢ፣ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ሆነ። በመጡ ቁጥር ውሃ አቀርባለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ፣ ከዚያ "አንቺ ወደ ቤት ግቢ" እባላለሁ። የምናገረው ነበረኝ። ልጅቷ በእንቅልፍ ልቧ የምትለውን የምሰማው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልናገር ስል ሰብሳቢው እጁን አነሳ።

"አንቺ ልጅቷን ብቻ ያዢ። ካወራሽ ወገን ያዘች ይሉሻል።"

"የማውቀውን ልንገራችሁ ብዬ እንጂ..."

"እኛንስ ያስፈራን ማወቅሽ ነው!" አለ። ሳቁ።

እናት ማክሰኞ፣ አባት ቅዳሜ ይመጣሉ። እሷ የልጅቷን ፀጉር ታያለች፤ "ማነው እንዲህ አጥብቆ የሠራት? ግንባሯ ተወጠረ እኮ!" እሱ ጫማዋን ያያል፤ "እኔ የገዛሁት የት ሄደ? የእናቷን ነው የምታደርጊላት?" ስለዚህ ማክሰኞ የእናቷን፣ ቅዳሜ የአባቷን ጫማ ማድረግ ለመድን። ልጅቷ ከኔ ቀድማ ለመደችው። እህቴ እየደወለች "መቼ ነው?" ትላለች፤ እኔ "በሚቀጥለው ቀጠሮ ያልቃል" እላለሁ።

በግንቦት ሐሩር አለቀ። ከኒሟ ሥር ጩኸቱ ሲነሳና ሲወርድ ቆየ። አባትየው ዋጃ ከምትገባ ልሙት ብሏል። እናትየዋም እሱ ሮቢት ለሚያመጣት ሌላ ሴት ልጄን አልሰጥም ብላለች። ሁለቱም እሺ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቆቦ፣ መካከል ላይ፣ እኔ ጋ ትደግ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከጥላው ወጥተው በሬ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ ቆሙ።

"እህታችን፣ ልጅቷን አሳድጊልን። እሺ ሳትይን አንቀመጥም።"

በእኛ አገር ቆሞ የሚለምን ሽማግሌን ተቀመጡ ማለት እሺ ማለት ነው። ስለዚህ ተቀመጡ አላልኩም።

"እህቴ እየጠበቀችኝ ነው" አልኩ።

"ታዲያ ልጅቷን ይዘሽ..." ሲሉ መምህሩ፣ አባትየው ከኋላ ጮኸ፤ "ዋጃ? ዋጃ የእናቷ አገር ነው! አይሆንም!"

"ሰማሽ፤ እዚሁ ነው" አለ ሰብሳቢው።

ይህ ሰው በኔ ጉዳይ ደጅ ላይ ሲቆም የመጀመሪያው አይደለም። በወጣትነቴ ከባሌ ቤት ወጥቼ አባቴ ቤት የገባሁ ጊዜ፣ እሱ ገና ጎልማሳ ሳለ፣ ሽማግሌ ጨምሮ መጥቶ አባቴ ደጅ ቆመ። አባቴ አፍሮ "ተቀመጡ" አለ። በዚያች ቃል ተመለስኩ። ስለ ባሌ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሰብሳቢው ግን ሰርግ ላይ ባገኘኝ ቁጥር "ትዳርሽን ያዳንኩልሽ እኔ ነኝ" ይለኛል፤ ሰው እየሰማ።

ይቁም።

ቆሙ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች በአስፋልቱ ያልፋሉ። መምህሩ ባርኔጣቸውን አንዴ ያወልቃሉ፣ አንዴ ያደርጋሉ። ሐጂው ላባቸውን እየጠረጉ "ያ አላህ" ይላሉ።

"እህት ዓለም፣ ይሄ ጉልበት እኮ የድሮው አይደለም" አሉኝ።

"ጥላው እዚያ አለልዎ ሐጂ። እኔ አላባረርኩዎትም።"

"ተቀመጡ አለች!" አለ ሰብሳቢው ደስ ብሎት።

"አላልኩም! ጥላ ነው ያልኩት!"

በዚህ መሐል ልጅቷ ከቤት ወጣች። ሽማግሌ ሲመጣ በርጩማ እንደሚወጣ በእነዚያ ወራት አይታለች፤ የቀረውን ወግ አታውቅም። በርጩማዋን በሁለት እጇ አቅፋ ሐጂው ኋላ አስቀመጠችና "አባባ፣ ቁጭ በሉ" አለቻቸው። ጉልበታቸው ቀድሟቸው ታጠፈ። ተቀመጡ።

ሰብሳቢው አጨበጨበ። "ተፈጸመ! የቤቱ ልጅ አስቀመጠችን!"

"እኔ አላስቀመጥኩም።"

"የቤቱ ልጅ እኮ ናት!"

"የየቱ ቤት ልጅ? ለአንድ ሳምንት ነው የመጣችው!"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂው፣ ዓይናቸውን ከኔ እያሸሹ። ምርቃቱ ተጀመረ። ሽማግሌ እየመረቀ እንቢ የሚል ሰው በሰፈራችን አይቼ አላውቅም፤ እኔም ያን ሰው አልሆንኩም። እናትና አባት "አሜን" ሲሉ በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው አብሮ ወጣ። ፍርድ ቤቱም የስምምነት ፍቺ ብሎ አጸደቀው።

ለእህቴ ስነግራት "እንግዲያ ክፍሉ ማሽላ ይግባበት" አለች።

ዓመታት አለፉ። እናትየዋ ዐረብ አገር ሄደች። አባትየው ሮቢት አግብቶ ወለደ፤ ቅዳሜ መምጣቱንም ተወ። በቅርቡ ሰብሳቢው ቤት ሄድኩ። አርጅቷል፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

"አንቱ፣ መካከል ያላችሁኝ እኮ ከማንና ከማን መካከል ነው? ሁለቱም የሉም። ልጅቷን ይዤ ዋጃ ልግባ።"

"ሁለቱ ካልጠየቁ ስምምነት አይከፈትም።"

"እሷ ዐረብ አገር ናት። እሱ ስልክ አያነሳልኝም።"

"እንግዲያ አይከፈትማ።"

"እኔ እየጠየቅሁ ነው።"

መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። "አንቺ እኮ ባለጉዳይ አይደለሽም! ዝም ብለሽ ብትሄጂ ደግሞ አባትየው ዕርቅ ፈረሰ ብሎ ልጅቷን ይወስዳል። ሮቢት ያለችዋን ሴት ታውቂያታለሽ?"

"አውቃታለሁ።"

"እንግዲህ" አለ። ቀጥሎም፣ "ለሌሎቹ ባለጉዳዮች የምነግራቸው ያንቺን ነው። ማንም ሳይከፋ ያለቀ ሽምግልና።"

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። እሺ ብላለች የሚል ሰው ቢኖር ይዋሻል።

ቤት ስመለስ ልጅቷ የትምህርት ቤት ልብሷን ራሷ አጥባ ሽቦው ላይ አስጥታለች። ሳሙናው አልለቀቀም። መልሼ ላለቅልቀው አወረድኩት።

"እማማ፣ ንጹሕ እኮ ነው!"

"አይደለም። ውሃ ቅጂልኝ።"