ሺፉ ሌይ ያልሠሩት ግድግዳ

ሺፉ ሌይ ሹንግዊ የዌን ቤተሰብን ግድግዳ አላበላሹም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በከተማችን የሚወራው ተቃራኒው ነው፣ በሰማሁት ቁጥርም ደሜ ይፈላል። ያበላሸነው እኛ ነን፣ አሥራ ሁለታችን ሠልጣኞች። ከበሩ በስተግራ ያለውን የግድግዳ ክፍል እኔ፣ ሚያዎ ዩቺን፣ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት።

ሺፉ የምንለው ሙያ ያስተማረንን ሰው ነው፤ ከአባት አይተናነስም። ሺፉ ሌይ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ እዚህ በቻይና፣ ሻንሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ የድሮ ግራጫ ጡብ ሲጠግኑ ኖረዋል። የወረዳው ቅርስ ቢሮ ይህንኑ የዌኖችን የድሮ ግድግዳ እያስጠገኑ ግንበኞችን እንዲያሠለጥኑ ሲጠራቸው፣ ሲሚንቶ እያቦካን የኖርን ሰዎች ዕቃችንን ይዘን ሄድን። እሳቸው ዕቃችንን ሁሉ ሰብስበው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራችን ኖራ በውኃ ማብረድና ኖራው ውስጥ የሚገባውን የሩዝ አጥሚት ማማሰል ብቻ ሆነ። ሩዙ ያ የሚያጣብቀው ዓይነት ነው፣ ለበዓል የምንበላው። ጌ ዳሹን የሚባል ቀልደኛ ጓደኛችን አንድ ቀን አላስችል አለው።

«ሺፉ፣ እናቴ ይሄን ሁሉ ሩዝ ግድግዳ ሳበላ ብታየኝ በማማሰያው ነው የምትለኝ።»

«የእናትህ ቤት ከተሠራ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«ተሰንጥቋል?»

ጌ ቀና ብሎ የዌኖችን ግድግዳ አየ።

«ይሄኛው ሦስት መቶ ዓመት ቆሟል። አማስል።»

የማይደራደሩበት ነገር ቢኖር አንድ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የበረደ ኖራ የብርዱን ወራት ሳያሳልፍ ግድግዳ አይነካም። ለምን እንደሆነ፣ በሲሚንቶስ ምን እንደሚመጣ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። ኖራ ርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ጡቡ ውስጥ ይቀራል፤ ብርዱ ሲመጣ በረዶ ሆኖ ያብጥና የጡቡን ፊት ገፍቶ ይጥለዋል። ስለዚህ አላወቅንም ማለት አንችልም።

ኖራችን ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር፣ የቢሮው ኃላፊ ዶንግ ከላይ እንግዶች ስለሚመጡ ግድግዳው በአሥር ቀን ተጠግኖ ይለቅ ሲል። ሺፉ በረዶው ሲያልፍ እንጂ አሁን አይሆንም አሉት። ዶንግ ሳቀና ሄደ። በዚያው ሰሞን የሺፉ ባለቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ እሳቸውም ለማስታመም ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ዶንግ በመኪና ሙሉ ሲሚንቶ ይዞ መጣ። ከአመድ ጋር ከተቀላቀለ ከኖራ ማን ይለየዋል አለን። ያልሠራ የምስክር ወረቀት አያገኝም፣ ወረቀት የሌለው ደግሞ ከእንግዲህ በዚህ ወረዳ አሮጌ ቤት አይነካም አለን። ሠራን። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ጌ ደግሞ ያን ቀን አልቀለደም።

ሺፉ በሰባተኛው ቀን ሲመለሱ በሁለት ጡብ መሐል ያለውን ሙሌት በጥፍራቸው ጫሩት። ጥፍራቸው ተሰበረ። አንዳችንንም ቀና ብለው ሳያዩ በቀጥታ ዶንግ ዘንድ ሄደው፣ ጨርሶ ሳይጠና ዛሬውኑ ይፈልፈል ብለው ለመኑት። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናያለን አላቸው። እንግዶቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ግድግዳው ሥር ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። የፈለፈለ የለም።

ብርዱ በገባ በሁለተኛው ወር ጡቡ ፊት ፊቱን ይረግፍ ጀመር። ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ጡብ በእፍኝ ይታፈስ ነበር። ከላይ መርማሪዎች ሲመጡ ዶንግ አንድ ወረቀት አቀረበ፦ ሥራው የሌይ ሹንግዊ ተማሪዎች ሥራ ነው ይላል። ውሸት ነው እንዳይባል እውነት ነው! የዶንግን ተንኮል አያችሁ? በእኛ ዘንድ የተማሪ ጥፋት የሺፉው ጥፋት ነው፤ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

መርማሪዎቹ የቢሮው አዳራሽ ውስጥ ሲሰበስቡን ሁላችንም ነበርን። አንድ ሰው ተነሥቶ ሲሚንቶውን ዶንግ ነው ያመጣው ቢል ይበቃ ነበር። እኔ አፍ አለኝ፤ ገበያ ላይ ለአንድ ዘለላ ሽንኩርት መንደር የሚሰማው ጭቅጭቅ የማነሣ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ጫማዬን አይ ነበር። ሺፉ ዞር ብለው አሥራ ሁለታችንንም አንድ በአንድ አዩንና ብዕሩን ተቀብለው ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ከእንግዲህ ቅርስ በተባለ ቤት ላይ እጃቸውን እንዳያሳርፉ፣ እንዳያስተምሩም ተከለከሉ።

በወሩ ዶንግ ጠርቶ በእሳቸው ቦታ አሠልጣኝ እንድሆን ጠየቀኝ። ፊቱ ላይ አለመትፋቴ ዛሬም ይቆጨኛል። በቀጥታ ሺፉ ቤት ሄድኩ። ለባለቤታቸው ሊጥ እየዳመጡ ነበር።

«ሺፉ፣ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ። ቦታውንም አልቀበልም» አልኳቸው።

«ያኔ መናገር ነበረብሽ። አሁን ተቀበይ።»

«እንዴት ብዬ? እርስዎን አስበልቼ?»

«እኔ የፈረምኩት አዝኜላችሁ መሰለሽ?» አሉ፤ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አሥራ ሁለታችሁም ብትባረሩ ኖራ ማብረድ የሚያውቅ ማን ይቀራል? ዶንግ? እኔ ከአሁን በኋላ ስንት ዓመት ልኖር ነው! ተቀበይና አስተምሪ። መጀመሪያ ግን ያንን ሲሚንቶ ራስሽ ፈልፍይው።»

ተቀበልኩ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ ከአዲሶቹ ሠልጣኞች ጋር በመሮ እፈለፍላለሁ። አንድ ቁራጭ ሲሚንቶ ሲነቀል ሁለት ደህና ጡብ አብሮ ይሰበራል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ፣ ይሄ ያ ሌይ የሚባል ሽማግሌ ያበላሸው ነው አይደል ይላል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት እላለሁ። ለሺፉዋ ስትል ነው እያሉ ያመሰግኑኛል፤ የሚያምነኝ የለም። ሠልጣኞቹም ሺፉ ብለው ይጠሩኛል፣ በጠሩኝ ቁጥር መሮው እጄ ላይ ይከብደኛል።

ሺፉ ሌይ ቤታቸው ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው። ገበያ ሲወጡ ግን በዚህ በኩል አያልፉም፤ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ሰፈሩን ዞረው ይሄዳሉ።