ያለ ወሬ የሚሮጥ ሰው

ልጄ ማራቶን ልትሮጥ ተመዝግባ ልምምድ ከጀመረች ሳምንት አልሞላትም። ዛሬ ጠዋት የቤታችንን ደረጃ ግድግዳ ተደግፋ በጎን ስትወርድ አየኋት። ቦንጋ ዳገት ብቻ የሆነች ከተማ ናት፤ ለጀማሪ አትራራም። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጌ ጨው ጨመርኩበትና እግሯን እንድትነክር አቀረብኩላት። «አባዬ፣ አንተ ሮጠህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አንድ ሳምንት አልኳት። ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ያቺ ሳምንት ግን የሳቅ አልነበረችም።

ማትሪክ የወደቅኩበት ዓመት ነበር። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ደብተሮቼን ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው፤ ይህ ከቁጣ ይብሳል። በዚያ ሰሞን ዞኑ ጅማ ላይ ለሚደረግ ማራቶን ሯጮች ሊመርጥ ነው፣ እዚያ ደህና የሮጠውንም ክለብ በደመወዝ ይቀጥረዋል ተብሎ ተወራ። ሮጬ አላውቅም ነበር። ነገር ግን በሬዲዮ ሲያሸንፉ የምሰማቸው ሁሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እኔም ኢትዮጵያዊ ነኝ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

ሰኞ ማለዳ የተቀቀለ ጎደሬ እስክጠግብ በልቼ፣ ሸራ ጫማዬን አጥብቄ፣ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። ጎደሬ በልቶ የሮጠ ሰው ያውቀዋል፤ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ አብሮ አይሮጥም። የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ጉሙ ከጫካው አልተነሳም፤ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ቅርንጫፉ ያጠራቀመውን ጤዛ አናቴ ላይ ያራግፉታል። መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበርና ቀዩ ጭቃ ጫማዬ ላይ እየተደራረበ አንዱን እግር ካነሳሁ ሌላውን ማንሳት ሥራ ሆነብኝ። ከተማውን ሳልጨርስ ጎኔን ወጋኝ።

ያላሰብኩት ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ በእኛ ገጠር ለስፖርት ብሎ የሚሮጥ አዋቂ ሰው አልነበረም። በማለዳ ከከተማ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ከታየ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ለለቀማ የሚወርዱት ሰዎች ቅርጫታቸውን እያስቀመጡ ቆሙ። ማን እንደሞተ እየጠየቁ የተከተሉኝም ነበሩ።

ዳገቱ አናት ላይ ያለው ቤት የእትዬ አበበች ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ሀብቴ ሆዳቸው አብጦ በቃሬዛ ወደ መኪና ሲወሰዱ ከተማው ሁሉ አይቷል፤ ጅማ ሆስፒታል ከተኙ ሰነባብተዋል። እትዬ አበበች ቡናው እንዳይረግፍ፣ ልጆቹም እንዳይበተኑ ብለው ቀርተዋል። ከጅማ ወሬ የሚመጣው ከተማ ውስጥ ባለው ስልክ ነው፤ ከስልኩ እስከ እሳቸው ደጅ ደግሞ በሰው እግር። እንግዲህ ያ እግር የእኔ መሰላቸው።

እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ከአጥራቸው ወጡ። «ንገረኝ» አሉኝ።

ልነግራቸው አልቻልኩም። ትንፋሽ አልነበረኝም። ጉልበቴን ይዤ አጎንብሼ ሳለከልክ ዝምታዬ መልስ ሆነባቸውና ጭቃው ላይ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ። የተከተሉኝም ሰዎች አብረው ጮኹ። በመከራ «ስፖርት ነው» የምትል ቃል ከአፌ ስትወጣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አነሱብኝ፤ ቢመቱኝም እውነታቸውን ነበር።

በማግስቱ በዚያ ደጅ አንገቴን ደፍቼ በእርምጃ አለፍኩ። እትዬ አበበች ጠሩኝ። ስድብ ስጠብቅ ለምን እንደማልሮጥ ጠየቁኝ። እንዳላስደነግጥዎ ብዬ ነው አልኳቸው።

«ሩጥ እንጂ» አሉ። «አንተ ከከተማ ነው የምትመጣ። ክፉ ወሬ ብትሰማ በዚህ ደጅ መሮጥ ያስችልሃል? አያስችልህም። ስትሮጥ ካየሁህ ሀብቴ ደህና አደረ ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲያ የሮጥኩት ለክለቡ ይሁን ለእሳቸው አላውቅም። ሩጫዬ ግን አልተሻሻለም። ዳገቱን አንድም ቀን ሳላቋርጥ አልወጣሁትም፤ መሀል ላይ ቆሜ እተነፍስና ደጃቸው ስደርስ እሮጣለሁ። የእግሬ ጥፍር ጠቆረ። እናቴ ጭኔን በቅቤ እያሸች፣ ይህ እግር የአባትህ ነው፣ የአባትህ እግር ደግሞ የትም ደርሶ አያውቅም ትለኝ ነበር። ክለቡ እንደማይሆን ልቤ ያውቀዋል። ጋሽ ሀብቴ እንደማይነሱ የእትዬ አበበችም ልብ ሳያውቀው አልቀረም። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት እንተያያለን። ሰሌን ላይ ያሰጡትን ቡና ሲያገላብጡ ቀና ይላሉ፤ እግሬን አይተው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ልወጣ ስል ጋሽ ተሰማ፣ የጋሽ ሀብቴ ታናሽ ወንድም፣ ደጃችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከተማ ውስጥ ቢሮ የሚሠሩ፣ ሁልጊዜ ክራቫት የማይለያቸው ሰው ናቸው፤ ያን ቀን የሸሚዛቸውን ቁልፍ እንኳ አዛንፈው ነበር የቆለፉት። ከጅማ ተደውሎላቸዋል። ጋሽ ሀብቴ አርፈዋል። መርዶ እንደ ወጉ ዘመድ ተሰብስቦ በንጋት ነው የሚነገረው፤ ለዚህ ደግሞ ከእትዬ አበበች ቤት አልፎ ማዶ የሚኖሩት የጋሽ ሀብቴ ታላቅ ወንድም ቀድመው መስማት አለባቸው። መንገዱ ያው አንድ ነው።

«እኔን ካየች ወዲያው ታውቃለች» አሉኝ ጋሽ ተሰማ። «አንተ ግን ሁልጊዜ ትሮጣለህ።»

መልእክቱን ይዤ ሮጥኩ። ጎኔ አልወጋኝም፤ ጭቃውም አልከበደኝም። ያን ዳገት አንዴም ሳልቆም ጨረስኩት። በዕድሜዬ እንደ ሯጭ የሮጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ደጃቸው ስደርስ ፊቴን ወደ ጫካው አዞርኩ። እጃቸው ሲነሳ በዓይኔ ጥግ አየሁት። «ዛሬስ በረታህ» የሚል ድምፃቸው ከኋላዬ ተከተለኝ።

እሑድ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ለቅሶ ስደርስ የእትዬ አበበች ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ሲያዩኝ ክንዴን ያዙኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ትናንት ስትሮጥ አየሁና» አሉኝ፣ «በሰኞው መኪና ልልክለት ብዬ ማር ሞላሁለት።»

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ልምምድ አልወጣሁም። ውድድሩ ያለ እኔ ተደረገ፤ የጎደለበትም ነገር የለም። እኔ ራሴ ሸምግዬ ስንቱን ቤት በንጋት አንኳኩቻለሁ፤ ወጉን አልነቅፈውም። ለእትዬ አበበች ያሳደርኩላቸው የአንድ ቀን ተስፋ ምን እንደጠቀማቸው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ልጄ ለምን እንደተውኩት ስትጠይቀኝ ጉልበቴን አሞኝ ነው አልኳት። ዛሬ መጥፎ ወሬ በየኪሱ ስልክ ይደርሳል፤ የሚሮጥ ሰው ማንንም አያስደነግጥም። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «አይዞሽ» ይሏታል። እኔ ግን እስክትመለስ ከበራችን አልንቀሳቀስም። ከመታጠፊያው ብቅ ብላ አጠገቤ ስትደርስ፣ አሯሯጤ እንዴት ነው፣ እግሬን አስተካክዬ እየጣልኩ ነው ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ጥሩ ነው እላታለሁ። እግሯን አላየሁትም። ሰው ወደ እኔ እየሮጠ ሲመጣ የማየው ፊቱን ነው።