ወንዝ የዋጣት «አ»

ባለፈው እሑድ ልጄ ከቡሬ በኢንተርኔት ደውላ ስታወራኝ ድምጿ ይቆራረጥ ጀመር። ዘግታ ጻፈችልኝ፤ ጽሑፏ ሳይጎድል ፍኖተ ሰላም ደረሰ። ኮምፒውተር ተማሪ ናትና ምክንያቱን ጠየቅኋት።

«ጽሑፍ በየቁራጩ ነው የሚሄደው፤ ተቀባዩ ‹ደረሰኝ› ካላለ ላኪው ይደግማል። ድምፅ ግን መልስ አይጠብቅም፤ የጠፋው ይጠፋል» አለችኝ።

«ምናለ ድምፁንም ቢደግመው?»

«እማ፣ ዘግይቶ የመጣ ድምፅ ምን ይሠራል?»

 ይህንስ እኔም ወንዝ ዳር ተምሬዋለሁ።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በነሐሴ፣ ከወንዙ በላይ ካለው ማሳችን እሸት በቆሎ ስሰብር አባቴ ከቡሬ ገበያ አህያቸውን እየነዱ ከማዶ ወደ መሻገሪያው ወረዱ። በእኛ ላይ ፀሐይ ነው፤ በላይ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ዞር ስል ደራሽ ውሃ ግንድ እየገፋ ይመጣል፤ እሳቸው ካሉበት አይታይም። ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ ዞሬ ብሄድ ቃሌ ሙሉውን ይደርስ ነበር፤ ግን ደራሹ ይቀድመኛል። መጮህ ብቻ ቀረኝ።

«አባ፣ አይሻገሩ!»

እጃቸውን አነሡልኝ፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። ደግሜ ጮህሁ።

«እሺ፣ መጣሁ!» አሉ።

በቤታችን መልእክተኛ ሁሉ «ምን አልሁሽ?» ተብሎ ቃሉን ሳይደግም ከደጅ አይወጣም። የዚያን ልማድ ጥቅም ያን ጊዜ ገባኝ፤ መልሳቸው ምን እንደደረሳቸው ነገረኝ። ወንዙ «አ»ን ውጧት፣ የሰሙት «ይሻገሩ» ነው። ዛሬ ሳስበው «ይቁሙ» ማለት ይቻል ነበር፤ አፌ ያገኘው ግን አጭሩን ነው።

«ቁም! ተመለስ!»

ውሃው ከጉልበታቸው ደርሶ ቀጥ አሉ።

«ማንን ነው ቁም የምትይው?»

ደረሳቸው።

«አንተን! ደራሽ መጣ! ተመለስ!»

ይኼኔ እሳቸውም የደራሹን ድምፅ ሰሙት። አህያዋን በአንገቷ ጎትተው ከማዶው ዳር ሲወጡ ግንዱ ቆመውበት በነበረው ቦታ ላይ አለፈ። እኔም በቆሎው መካከል ተቀመጥሁ።

በማግሥቱ በድልድዩ ዞረው ሲገቡ ጓዳ ተደበቅሁ። የተጠበሰ እሸታቸውን ፈልፍለው ከበሉ በኋላ ለእናቴ፣ «ትናንት አንድ ጎረምሳ ከማዶ ሆኖ አንተ አለኝ። ብቆጣ ቆምሁ፤ ብቆም ዳንሁ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ አላነሱትም።

አሁን ልጄ ከቡሬ ስትደውል፣ ከመዝጋቷ በፊት «ምን አልሁሽ?» እላታለሁ። እየሣቀች ትደግምልኛለች። አንዳንዴ የመጀመሪያዋ ፊደል ትጎድላለች። ያኔ እንደገና እጠይቃታለሁ።