መርዶው እስኪነገር ከልጆች ጋር በሐይቅና በአርዲቦ

ዓርብ ጠዋት ከደሴ የተነሳነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሀያትና የስድስት ዓመቷ ፈቲያ። ልጆቹ የታናሽ እህቴ የዘሀራ ናቸው። ለእነሱ የተነገራቸው ሐይቅን ልናይ፣ ታንኳ ልንወጣ፣ ዓሣ ልንበላ ነው የሚል ነበር። እሱም ውሸት አይደለም፤ ሁሉንም አድርገናል። እውነተኛው ምክንያት ግን ልጆቹን ከቤት ማራቅ ነው። እናታቸው ሞታለች፤ እነሱ አያውቁም።

ዘሀራ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሐሙስ ዕለት አብራት የምትሠራ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። እኔ ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ታማ ሆስፒታል ሳትደርስ እንዳለፈች፣ እዚያው እንደቀበሯት ነገረችኝ። ጨርቁን ቆርጬ ሰጠሁና ሱቁን ዘግቼ በቀጥታ አጎቴ ሸህ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

እሱ እንደ ወጉ ነገሩን በእጁ ያዘ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና፣ «እናትሽ ግፊት አለባት። ወንድምሽ ከአዲስ አበባ ይግባና እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን ገብተን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ ልጆቹን ይዘሽ ዞር በይ። ሰው ሲንሾካሾክ ካየች ሀያት ወዲያው ትነቃለች» አለኝ።

«እኔስ አጎቴ? እኔስ መቼ ላልቅስ?»

«አንቺማ ቻይው» አለኝ።

ቻይው! ለመናገር ምን ይከብዳል? ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ ስስቅ ከረምኩ።

ዓርብ፤ ከደሴ ወደ ሐይቅ

ወሩ መስከረም ነው፤ የግሸን ንግሥ ደርሷል። መናኸሪያው በምዕመናን ተጨናንቆ ሚኒባስ ለማግኘት ተጋፋን። ልጅ ይዞ በዚህ ሰሞን ወደ ሐይቅ የሚወጣ ሰው ቢቻል ማልዶ ይነሳ። ፈቲያን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ ሀያት መስኮቱን ያዘች። ቦሩ ሜዳን ስናልፍ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ አበባ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም ስለ አበባው ብዙ እል ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን ከማሳው ላይ አላነሳሁም፤ ልጆቹን ላለማየት ነው።

ሾፌሩ አምባሰል የሆነ ዘፈን ከፈተ። ማሲንቆው ገና ሲጀምር ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አልኩ።

«እባክህ ወንድሜ፣ ሌላ ነገር ክፈትልን» አልኩት።

«እታለም፣ በወሎ መንገድ ላይ አምባሰል ዝጋ ይባላል እንዴ? ደግሞ ለግሸን መንገደኛ!» አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ሀያት ግን ዞር ብላ አየችኝ፤ እቤት ይህንኑ ዘፈን ጠዋት ማታ የምከፍተው እኔ ነኛ።

ሐይቅ ከተማ ስንደርስ አልጋ ሁሉ ተይዟል። ሦስት ፔንሲዮን ዞረን በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘን፤ ፍራሹ ስምጥ ያለ፣ ውኃው በጀሪካን የሚመጣ። ባለቤትየዋ ግን ደግ ሴት ናት፤ ለልጆቹ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጣችልን። ዕቃችንን አስቀምጠን በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረድን።

ዓርብ ከሰዓት፤ ውኃው ላይ

ሐይቁ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ለቤተሰብ ይመቻሉ። ጠረጴዛው ከዛፍ ሥር ነው፤ ልጅ ቢሮጥም ከዓይን አይጠፋም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጠብሶ ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ በቃሪያና በሎሚ ይመጣል። ዓሣ ደግሞ የማን ቢላ አረደው ስለማይባል እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቤት ይበላል። ፈቲያ የዓሣውን ዓይን አውጥታ ሀያት ሳህን ላይ አደረገችባት፤ ሀያት ጮኸች፤ ተሳሳቁ። እኔ እሾህ እለቅማለሁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ባለታንኳው ተስፋዬ ይባላል። በመጀመሪያ የጠራው ዋጋ ለእኛ ሳይሆን ለሩቅ አገር ቱሪስት የሚሆን ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ታንኳውን ልትሸጥልኝ ነው ወይስ ልታሳፍረኝ?» አልኩት።

«ንግሥ ነው እኮ እታለም፣ ቤንዚንም የለም።»

«የምትቀዝፈው በእጅህ አይደል? ክንድህ ነው ቤንዚን የሚጠጣው?»

ሳቀና ቀነሰልኝ። ተከራክሬ ስረታው ትንሽ ቀለል አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ያን ቀን የቀለለኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው። ልጆቹን መሐል አስቀመጠልን። መዋኛ ጃኬት አንድ ብቻ ስለነበረው ለፈቲያ አለበስናት፤ ልጅ ያላችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ውኃው ጸጥ ያለ ነበር። ከፊታችን በዛፍ የተሸፈነው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ራቅ ብሎ የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። ተስፋዬ ገዳሙ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ እየነገረን፣ ሴት ግን እንደማይገባበት አስረዳ።

ፈቲያ ተቆጣች። «ለምን አንገባም?»

«ሥርዓቱ ነው የኔ እናት። ለሴቶቹ ሌላ ገዳም አላቸው።»

«ኡሚ ብትመጣስ?» አለች፤ እናቷን ነው።

«እሷም አትገባም። ግን ስትመጣ ልክ እንዳንቺ በታንኳ አዞራታለሁ፣ እሺ?»

«እሺ፤ ጃኬቱን ለእሷ አስቀምጥላት» አለችው።

ተስፋዬ ምን ያውቃል? እጄን ውኃው ውስጥ ነክሬ ፊቴን ደጋግሜ ታጠብኩ። ሙቀቱ ነው አልኩ። ነፋሱ እኮ ያንቀጠቅጥ ነበር።

ቅዳሜ፤ አርዲቦ

አጎቴ ጠዋት ደወለ። «አርዲቦ ለአያ ሙሄ ደውዬላቸዋለሁ፤ ልጆቹ እየመጡ ነው ብያለሁ። ቁርስ ያበሏችኋል፤ ሐይቁንም ያሳዩአችኋል» አለኝ። አያ ሙሄ የእናቴ የአጎት ልጅ ነው፤ ሚስቱ እቴ ሉባባ ዘሀራን በልጅነቷ ክረምት ክረምት እያመጣች የምታከርማት ሴት ናት።

ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። ክረምቱ ቦርቡሮት ባጃጁ እየተንገጫገጨ ወጣ፤ ከመንደሩ በታች «ከዚህ በላይ ጎማዬን ነው የምጨርሰው» ብሎ አወረደን። በበቆሎ ማሳ መሐል በእግራችን ወጣን። ትንሿ ሐይቅ አርዲቦ ከላይ ስትታይ በጣም ታምራለች፤ ከትልቁ ይልቅ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው እሷ ትሻላለች። ፈቲያ እየዘለለች ከፊት ትሄድ ነበር።

በቆሎው አልቆ ቤቱ ሲታየኝ ቆምኩ። ግቢው ሰው በሰው ሆኗል። ከግራሩ ሥር ሰሌን ተነጥፎ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ወይ አላህ! ለቅሶ ተቀምጠው እየጠበቁን ነው።

እቴ ሉባባ አየችን። ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ወደ ፈቲያ መጣች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶችም ተነቃነቁ። ፈቲያን ቀድሜ ሮጥኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

«እቴ ሉባባ! እንዴት ከረማችሁ! ልጆቹ ሐይቅ ሊያዩ መጡላችሁ! ትናንት ታንኳ ሲወጡ ነው የዋሉት! ምንም የሰሙት ነገር የለም፣ ሐይቅ ብቻ ነው ያማራቸው!»

ቆመች። አፏ እንደተከፈተ ነው፤ ጩኸቱ ከደረቷ ተነስቶ መጥቷል፤ የሚመለስ አልነበረም። እና እቴ ሉባባ እልል አለች። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች አንድ ጊዜ ተያዩና እነሱም ተቀበሏት፤ ግቢው በእልልታ ተናወጠ። አንዳንዶቹ እልል እያሉ እንባቸው ይወርድ ነበር። ፈቲያ ደስ ብሏት አብራቸው እልል አለች። ሀያት ግን ከጎኔ ቆማ ሴቶቹን አንድ በአንድ ታያለች።

አያ ሙሄ ከሰሌኑ ተነስቶ መጣ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ። ዱዓ ላይ ነበርን… ክረምቱ ስለ ቀናልን… የሰፈሩ ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ ነው» አለ። ወንዶቹም ፈጠን ብለው «አሚን፣ አሚን» አሉ።

ጓዳ ስገባ እቴ ሉባባ ተከትላኝ ገባችና ክንዴን ጨበጠችኝ። «አውፍ በይን፣ ይቅር በይን ልጄ! ሸህ ሰይድ የዘሀራን ነገር ነግሮን ልጆቹ እየመጡ ነው ሲለን ለእነሱም መርዶው ተነግሯቸው ነው አልን። ሐዘን ያለበት ሰው ለሽርሽር ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? ሰው እርሻውን ትቶ ነው ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው» አለችኝ። ከዚያ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ያለድምፅ አለቀሰች። እኔ ቆሜ ትከሻዋን አሻሸሁ። የሞተችው የኔ እህት ናት፤ አጽናኟም እኔ። በአጎቴ ላይ የተናደድኩት ያኔ ነው፤ በወጉም፣ በዓረቡ አገርም፣ በራሷ በዘሀራም ጭምር ተናደድኩ።

ለለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ ለልጆቹ በሰፌድ አቀረቡላቸው። ሴቶቹ ፈቲያን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ያሳልፏታል፣ ፀጉሯን ይዳብሳሉ፣ «እናቷን አይደል የምትመስለው!» ብሎ ሊያመልጠው የነበረውን ሰው በክርናቸው ይነኩታል። አንዲት ሴት ደጋግማ እየወጣች ከበቆሎው መሐል ቆይታ ዓይኗን ጠራርጋ ትመለሳለች። እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው ለሁለት ልጆች ብሎ ለቅሶውን ዋጠው።

ከቁርሱ በኋላ ወደ ውኃው ወረድን። ፈቲያ ዳር ዳሩን ጠጠር እየወረወረች ሄደች። ሀያት አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ።»

«ወይ።»

«ዱዓ ከሆነ ጫቱ የታለ?»

በወሎ ያለ ጫት የሚቀመጥ ዱዓ አይታ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም።

«ንፍሮ ደግሞ የለቅሶ ነው። ጎረቤታችን የሞቱ ጊዜ በልቻለሁ» አለች። «ማን ነው የሞተው? ኡሚ ናት?»

እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ነበር መነገር የነበረበት። ደግሜ ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን ሳየው አቃተኝ።

«አዎ የኔ ልጅ። ኡሚ ናት።»

አልጮኸችም። «መቼ?» አለችኝ።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ እኛ ምን እያደረግን ነበር?»

«አንቺ ዩኒፎርምሽን እያጠብሽ ነበር።»

ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ። ይዣት አብረን አለቀስን፤ ድምፃችንን ውጠን፣ ጀርባችንን ለፈቲያ ሰጥተን። ስትረጋጋ፣ «እማማ ታውቃለች?» አለችኝ። ሴት አያቷን ነው።

«አታውቅም። ግፊት አለባት። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎች ይነግሯታል።»

«ታዲያ እኔ እስከዚያ… እንደነዚያ ሴትዮዎች ልሁን?»

እንዲህ ብላ ስትጠይቀኝ እምቢ ልላት ይገባ ነበር? እስካሁን አላውቅም። «አዎ» አልኳት። ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባችና ፊቷን ታጠበች።

ቅዳሜ ከሰዓት፤ መመለስ

ከሐይቅ ደሴ ያለው መንገድ ሲመለሱበት አጭር ነው። ፈቲያ ጭኔ ላይ ተኛች። ሀያት እንደ ዓርቡ መስኮቱን ያዘች።

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው መንገዱ ምን እንዳስተማረው መናገር አለበት ይባላል። እኔ የተማርኩት ይህ ነው፦ አርዲቦ ላይ ያ ሁሉ ሰው ለልጆቹ ያደረገውን ሳይ ወጋችን ደግ ነው አልኩ። ቤታችን በር ላይ ስደርስ ግን ከባድ ነው አልኩ፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጣም ከባድ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አላስታርቃቸውም።

እናቴ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ እየጠበቀችን ነበር። ፈቲያ ሮጣ ጉያዋ ውስጥ ገባችና ዓሣውን፣ ታንኳውን፣ እልልታውን ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችላት። እናቴ ሳቀች። ከዚያ ሀያትን አየቻት።

«አንቺ ደግሞ ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ፀሐይ ነው እማማ። ውኃው ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው።»

«ጎሽ፣ እንኳን አያችሁት። እናትሽ እኮ በልጅነቷ አርዲቦ ከተባለ እንቅልፍ አልነበራትም። ስትደውል ሁሉንም ንገሪያት፤ አደራ፣ ደስ ይላታል።»

ሀያት ጎንበስ ብላ የአያቷን ጉልበት ሳመች።

«እሺ እማማ» አለች፤ «ስትደውል እነግራታለሁ።»