ሁለት ቢላዋ ለአንዲት ሚዳቋ

ከደርግ ዘመቻ ሸሽተን፣ ድንበር ተሻግረን ሀዋታ አጠገብ በማሽላ እርሻ ሥራ በምንኖርበት ዘመን ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደች። ሳትጠነክር ጡቷ ነጠፈ። ልጁ ባዶ ጡት እየጎተተ ያለቅሳል፤ ድምፁም በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ። ያዋለደቻት ሴት፣ «ሥጋ አብላት፣ መረቅ አጠጣት፤ አለዚያ ልጁ አይተርፍም» አለችኝ። በቤቴ ያለው ማሽላ ብቻ ነበር።

ጠመንጃ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ባለሱቅ፣ የጎንደር ሙስሊም። ሱቁን ዘግቶ «ተነስ፣ እንሂድ» አለኝ። እኔ ወጥመድ እናጥምድ ባይ ነበርኩ፤ ጥይት አይፈጅም፣ ፖሊስ የሚሰማው ድምፅም የለው። እሱ አልተቀበለኝም። ወጥመድ የያዘው አውሬ ሞቶ ይገኛል፤ ሳይታረድ የሞተ ደግሞ ብክት ነው፣ ለእኔም ለእሱም አይበላም። ስለዚህ ጠመንጃውን መረጥን። ዓይኔ ከእሱ ስለሚሻል ተኳሹ እኔ ሆንኩ። ነፍሷ ሳትወጣ እንድንደርስባት ልቧን ትቼ ዳሌዋን ልመታ ተስማማን። ውኃ፣ ጨውና ገመድ ያዝን። ቢላዋ ግን ለየራሳችን ታጠቅን፤ የእሱ ቤተሰብ እኔ ያረድኩትን አይበላም፣ የእኔም እሱ ያረደውን። መንገዱን ሙሉ ስለ ነፋሱና ስለ ዱካው ስናወራ፣ ማን እንደሚያርድ አንዳችንም አላነሳንም። ይሉኝታ ያዘን።

ራሃድ ወንዝ ዳር ካለው ቁጥቋጦ አንዲት ሚዳቋ ብቅ አለች። ተኮስኩ። ጥይቱ ካሰብኩት ከፍ ብሎ መታት፤ ጥቂት ሮጣ ወደቀች። ስንደርስ ገና ትተነፍሳለች።

«እረድ» አለኝ።

«ጠመንጃው ያንተ፣ ጥይቱ ያንተ። አንተ እረድ፣ ልጆችህ ይብሉ።»

«ወላሂ አልነካትም! አራስ ቤት ትተህ መጥተህ?»

«በማርያም፣ እኔም አላደርገውም። ለእኔ ሌላ እናገኛለን።»

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ እረድ ብዬሃለሁ!»

እሱ ሲምል፣ እኔ ስምል፣ ሚዳቋዋ እግሯን ዘረጋች። ደንግጬ ቢላዋዬን መዝዤ አንገቷን ቆረጥኩት። ደም አልፈሰሰም። በራሴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ልጄ በረኀብ ሊሞትብኝ፣ እኔ ማዕድ እንደቀረበለት እንግዳ እግደረደራለሁ!

ለጅብ ጥዬያት መመለስ አልሆነልኝም፤ ተሸክሜያት መጣሁ። ጎረቤቴ ደጃፌ ተቀምጦ ሥጋውን ለቋንጣ ይዘለዝል ጀመር። ተው ስለው፣ «መብላት እንጂ መዘልዘል ማን ከለከለኝ?» አለ። ጨው አሽቶ ገመዱ ላይ ሰቀለው።

ባለቤቴ መረቁ ሲሸታት ቀና አለች።

«ባርከህ ነው ያረድከው?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ልጇን ብዙ አየችው።

«ብቻዬን አልበላም» አለች። «ኃጢአት ከሆነ አብረን እንሸከመው። አንተ ቅደም።»

ቀደምኩ። ከመረቁ ተጎንጭቼ ሰጠኋት። እሷም አማትባ ጠጣች፤ እያለቀሰች ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን በየማለዳው ሱቁን ሳይከፍት ይመጣል። ደጅ ቆሞ «ወተቱ መጣላት?» ይለኛል፤ እኔም ገና ነው ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ማለዳ ሲጠይቀኝ እንባ ተናነቀኝና መመለስ አቃተኝ። እንዳዘንኩ መስሎት አንገቱን ደፋ። ያኔ ልጁ ወተቱን ሲውጥ ከውስጥ ተሰማን።