የተገለበጠው ሥር

ሰንበቴ ገበያ ላይ ባለቤቴን በሬ ጭኑን ወጋው። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ ከሚሴ ከእናቱ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ቁስሉ ሲደርቅ ተረፈ ብለን ሰደቃ አወጣን። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ትንሽ ሲራመድ ባቱን ይጨመድደዋል። በጭነት መኪና አሳፍሬ አዲስ አበባ ወሰድኩት። እዚያ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከደህናው እግሩ ደም ሥር አውጥቶ በተጎዳው ምትክ ሰፋለት።

ከሆስፒታሉ ልንወጣ ስንል፣ ለፈረንጁ የሚያስተረጉምለት ድሬሰር ለብቻዬ መከረኝ። ሲጋራ እንዳይነካ፣ እግሩን አጥፎ ብዙ እንዳይቀመጥ፣ ማንም እንዳያሸው፣ እንዳያስረው። "የሰፋንለት ሥር ከተዘጋ እግሩ ይቆረጣል" አለኝ። ጠዋት ጠዋት የእግሩን ጀርባ በጣቴ እየነካሁ ትርታውን እንድፈልግ አሳየኝ፤ ከጠፋ በዚያው ቀን ይዤው እንድመጣ። ሥሩንም ገልብጠው እንደሰፉት ለሁለታችንም ነገረን፤ ውስጡ ደም የማያስመልሱ ክዳኖች ስላሉት፣ ሳይገለበጥ ቢሰፋ ደሙን ያግደዋል።

ከሚሴ ስንገባ ጠያቂው ጎረፈ። እሱ ደግሞ ወሬ ሲወድ፣ "ሥሬን ገልብጠው ሰፉት" እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራል። በእኛ አገር ሥር ዞረ ከተባለ የሚጠራው ወጌሻ ነው። አማቴም ፈረንጁ የተሳሳተ መሰላቸው። በማግስቱ አንድ ወጌሻ ቅቤና ማሰሪያ ጨርቁን ይዞ ከች አለ፤ ሥሩን ወደ ቦታው ሊመልስ።

ባለቤቴ የተኛበት መደብ ፊት ቆምኩ።

"እማ፣ ሆን ብለው ነው የገለበጡት። ከታሸ ይዘጋል" አልኳቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እሱን የወለድኩት እኔ ነኝ" አሉኝ።

"እሱስ እውነት ነው። እግሩ ሲቆረጥ ግን ሁለታችንም ነን የምናለቅሰው።"

ምራት እንዲህ አትመልስም። ባለቤቴ አንዴ እናቱን አንዴ እኔን አየና ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ሳበ። ወጌሻው ቅቤውን ይዞ ወጣ። አማቴ እስኪበቃቸው አኮረፉኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠባቂ ሆንኩ። ሲጋራ ኪሱ ውስጥ ካገኘሁ እሰብረዋለሁ። ለዱዓ ተሰብስበው ጫት ሲቅሙ እግሩን እንዲዘረጋ ከጓዳ እጣራለሁ፤ ጓደኞቹ "ሹም ተሾመብህ" እያሉ ይስቁበታል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ግን እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ትርታውን እፈልጋለሁ። በዚያ ቤት ባልና ሚስት በእናት ፊት አይነካኩም፣ ነውር ነው። ይኼ ግን ሐኪም ያዘዘው ስለሆነ ማንም ምንም አይለኝም። ትርታው ቶሎ ቢገኝም ጣቴን አላነሳም።

"ጠፋብሽ እንዴ?" ይለኛል እየሳቀ።

"ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው" እለዋለሁ።

ወላሂ፣ ስንት ነገር አልፎብኝ እንደነዚያ ጠዋቶች የሚናፍቀኝ የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ለምርመራ ብቻውን ሄደ። ሲመለስ ከመኪናው ወርዶ ሳያነክስ እየተራመደ ገባ። ሥሩ በደንብ ይዟል፣ ከእንግዲህ በየጠዋቱ መፈተሽ አያስፈልግም ብለውታል። አማቴ እልል አሉ፤ እኔንም አቅፈው ሳሙኝ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ከልቤ።

በማግስቱ ጠዋት እንደለመድኩት አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አሁንማ ተገላገልሽ" አለኝና እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ተነሳ።